ከቆሽት ኦፕሬሽን በኋላ ትኩሳት ሲመጣ "ምች ነው" አትበሉ

ዛሬ የማወራው ከዊፕል ኦፕሬሽን በኋላ ስለሚመጣ የሐሞት ቱቦ ችግር ነው።

ይህ ኦፕሬሽን አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በቆሽት ራስ አካባቢ ለወጣ ካንሰር ነው። የቆሽቱ ራስ፣ የትንሹ አንጀት መጀመሪያ፣ የሐሞት ከረጢቱና የቱቦው የታችኛው ክፍል ይወጣሉ። የቀረው የሐሞት ቱቦ ከአንጀት ጋር ይሰፋል። ጉበት ግን "ስፌቱ እስኪድን ልጠብቅ" አይልም፤ ሐሞት ማመንጨቱን ይቀጥላል።

ስፌቱ ካፈሰሰ ብዙውን ጊዜ የሚታወቀው በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ ታካሚው ሆስፒታል ሳለ ነው። ከሆድ በወጣው ቱቦ የሚወርደው ፈሳሽ ወርቃማ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ይሆናል። አስታማሚዎች፣ ቀድማችሁ የምታዩት እናንተ ልትሆኑ ትችላላችሁና ነርሷ ሳታየው አትድፉት። ፈሳሹ በደንብ ወደ ውጭ ከወጣ ብዙ ጊዜ ያለ ሁለተኛ ኦፕሬሽን ይዘጋል። ስለዚህ "ቱቦውን ይንቀሉልን" እያላችሁ ሐኪሞቹን አትጨቅጭቁ (ታካሚው እንደሚመረው አውቃለሁ)።

እኔን ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ ቤት ከገባችሁ በኋላ የሚመጣው ነው። መገጣጠሚያው ሲጠብ ወይም የአንጀት ባክቴሪያ ወደ ላይ ሲወጣ ቱቦው ይመረቅዛል። የሚያንቀጠቅጥ ብርድና ትኩሳት ይመጣል፤ ዓይን ቢጫ ይሆናል፤ ሽንት እንደ ወፍራም ሻይ ይጠቁራል፤ ሰውነት ያሳክካል። ሁሉም አንድ ላይ ላይታዩ ይችላሉ።

አንድ አባት ኦፕሬሽን በሆኑ በሦስተኛው ሳምንት እንዲህ ሆነው መጡ። ቤተሰቡ ለትኩሳቱ "ምች ነው" ብሎ ሁለት ቀን ዳማከሴ ሰጥቷቸዋል፤ ዓይናቸው ቢጫ ሲሆን ደግሞ ለወፍ በሽታ መድኃኒት የሚያውቅ ሰው ተፈለገ። እኔ ጋ ሲደርሱ የደም ግፊታቸው ወርዶ ነበር። ወዲያው በደም ሥር አንቲባዮቲክና ፈሳሽ ጀምረን ወደ ቀዶ ሐኪማቸው ላክናቸው፤ በቆዳቸው በኩል ጉበት ውስጥ ቱቦ ገብቶ ሐሞቱ ተቀዳ። ተረፉ። ልጆቻቸው ለአባታቸው የሚሳሱ ናቸው፤ ግን ማንም አልነገራቸውም ነበር።

ከኦፕሬሽኑ በፊት ቢጫ የነበረ ሰው በአንድ ቀን አይለቀውም። ዋናው ጥያቄ እየቀነሰ ነው ወይስ እየጨመረ የሚለው ነው። በየጠዋቱ በፀሐይ ብርሃን የዓይኑን ነጭ ክፍል በስልክ ፎቶ አንሱና አወዳድሩ።

ትኩሳት ካለ ፓራሲታሞል ሰጥታችሁ እስከ ነገ አትጠብቁ። የኦፕሬሽኑን ወረቀት ያዙና ሌሊትም ቢሆን ወደ ቀዶ ሐኪሙ ሆስፒታል ሂዱ። ሩቅ ከሆነ በቅርብ ያለው ድንገተኛ ክፍል ግቡና ገና በር ላይ "የቆሽት ኦፕሬሽን ተደርጎለታል" በሉ።