ስለ ማጋነንና ስለ ልኩ

የአገራችን ሰው ሲናገር ሚዛን አይዝም። የራበው «በረኃብ ሞትሁ» ይላል፤ የሣቀው «ሣቅ ገደለኝ» ይላል፤ ጉዳዩ ያላለቀለትም «እግሬ እስኪቀጥን ተመላለስሁ» ይላል። እናትም ልጇን ስትለምን «አፈር ስሆን፥ ብላ» ትለዋለች፤ ልጁም ይጐርሳል፥ እናቲቱም በደኅና ትውላለች። ይህን ሰምቶ ውሸት ነው የሚል የለም፤ ቃሉ የልብን ስሜት እንጂ ነገሩን እንደማይለካ ሁሉም ያውቃልና።

ልማዱም የትናንት አይደለም። በቀድሞው ዘመን ንጉሥን እጅ የሚነሣ ሰው «ሺህ ዓመት ያንግሥዎ» ይል ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ ከጫኑበት አንሥቶ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋናቸው እስከ ወረዱበት ድረስ ያለው ጊዜ 44 ዓመት አይሞላም፤ ሆኖም መራቂው ሁሉ ዋሸ አይባልም። ቍጥርም ራሱ ከዚህ አላመለጠም። «እልፍ» በግዕዝ 10,000 ማለት ነው፤ ፼ የሚባል የራሱ ምልክትም አለው። ዛሬ ግን «እልፍ ጊዜ ነገርሁህ» የሚለውን ሰው ቍጠርና አሳየኝ የሚለው የለም። የአራዳ ልጆችም በተራቸው ያማረ ጫማ ሲያዩ «ያበደ ጫማ» ይላሉ፤ ጫማው ግን ጤነኛ ነው።

እኛ የዚህን ነገር ምሥጢር የተማርነው ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከገዛ ጠረጴዛችን ፊት ነው እንጂ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አዛውንት ባለጉዳይ መጥተው «ልጄ፥ ሺህ ጊዜ መጣሁ፤ እግሬ ቀጠነ» አሉን። በዚያን ቀን ሥራ በዝቶብን ነበርና «አባቴ፥ አያጋንኑ እንጂ፤ ሺህ ጊዜስ አልመጡም» ብለን ፈገግ አልን። ማጋነናቸውንም ልናስረዳቸው ፋይላቸውን አስወጥተን ቀጠሮዎቹን መቍጠር ጀመርን። 17 ሆኑ። ከነዚህም 9ኙ በራሳችን እጅ የተጻፉ ነበሩ፤ በያንዳንዱም ሥር «ጉዳዩ በመታየት ላይ ነው» ይላል።

አዛውንቱ ዝም ብለው ሲያዩን ቈይተው «ስንት ሆነልህ፥ ልጄ?» አሉ። ለመመለስ አፈርን።

በዚያች ሰዓት ከሁለታችን ያጋነነው ማን እንደ ሆነ ገባን። ከከተማው ዳር በምርኵዝ ለሚመጣ ሽማግሌ 17 ጊዜ ከሺህ አያንስም። እኛ ግን ማንም ገልጦ ያላየውን ጉዳይ «በመታየት ላይ ነው» ብለን ጽፈን ነበር። የእሳቸው ማጋነን ማንንም አያታልልም፤ የእኛው ግን ማኅተም ስላለበት ይታመናል።

ጉዳያቸው በማግሥቱ ተፈጸመ፤ ሥራውም ከግማሽ ሰዓት የበለጠ አልፈጀም። ሲሰናበቱን «ሺህ ዓመት ኑር» ብለው መረቁን። ለዚህ ምርቃት የተገባን እንዳልነበርን እናውቃለን። ከዚያ ወዲህ ግን ባለጉዳይ «ሞትሁ» ሲለን፥ አለመሞቱን ከማስረዳታችን በፊት ፋይሉን መግለጥ ልማድ አድርገናል።