የአይሮፕላን ክንፍና የእናቴ ሚዛን

ልጅ ሳለሁ በአዘዞ ሜዳ አይሮፕላን ሲያርፍ ባየሁ ቍጥር አፍንጫውን ቀና አድርጎ ሳለ ወደ ታች መውረዱ ይደንቀኝ ነበር። አፍንጫው የሚያመለክትበትና እርሱ የሚሄድበት መንገድ አንድ አለመሆኑን ያን ጊዜ አላወቅሁም።

ነገሩ የገባኝ ከደባርቅ ወደ ጎንደር በአውቶቡስ ስመጣ ነው። እጄን በመስኮት አውጥቼ መዳፌን ጥቂት ቀና ባደረግሁት ጊዜ ነፋሱ ወደ ላይ አነሣው፤ እጅግ ቀና ባደረግሁት ጊዜ ግን ማንሣቱን ትቶ ወደ ኋላ ገፋው። ረዳቱ ተቆጥቶኝ እጄን መለስሁ፤ ነገሩ ግን ከልቤ አልወጣም።

የአይሮፕላን ክንፍም እንዲሁ ነው። ክንፉ ከፊቱ ከሚመጣው ነፋስ ጋር የሚሠራው ማዕዘን ሲጨምር የማንሣት ኃይሉ ይጨምራል። በብዙ ትንንሽ አይሮፕላኖች 15 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ግን አየሩ ከክንፉ ጀርባ ይላቀቅና ኃይሉ ይደክማል። የፍጥነት መለኪያ ብቻውን ይህን አይናገርም። አይሮፕላን ከፍታውን ሳይለቅ 60 ዲግሪ ተጋድሞ ቢዞር ክንፉ የሚከዳበት ፍጥነት በ41 ከመቶ ገደማ ከፍ ይላል፤ የሚከዳበት ማዕዘን ግን ያው ነው። ስለዚህ ማዕዘኑን የሚያሳይ መሣሪያ ለአብራሪው ታላቅ ረዳት ነው።

ነገር ግን መሣሪያው እንደ ተገጠመ ምንም አያውቅም፤ ማስተማር ያሻል። በትንንሽ አይሮፕላኖች ከሚገጠሙት አንዳንዶቹ ከክንፍ ሥር በተተከለ ዘንግ ሁለት ቀዳዳዎች የሚገባውን የአየር ግፊት ያነጻጽራሉ። በመጀመሪያ ነፋስ በሌለበት መሬት ላይ ዜሮው ይያዛል። ቀጥሎ አብራሪው በቂ ከፍታ ላይ ወጥቶ በዝግታ ሲበርና በተለመደው የጉዞ ፍጥነት ሲበር ያለውን ማዕዘን ለመሣሪያው ያስመዘግባል።

አብራሪ ለመሆን እንደምመኝ ለእናቴ በነገርኋት ጊዜ «ያን ቀን ረሳኸውን?» አለችኝ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የአየር መንገዳችን በረራ ቍጥር 302 በ6 ደቂቃ ውስጥ ወድቆ 157 ሰዎች ያለቁበትን ቀን ማለቷ ነው። በዚያ ቦይንግ 737 ማክስ የግራው የማዕዘን መለኪያ 74.5 ዲግሪ ሲያሳይ የቀኙ 15 ያህል ያሳይ ነበር። ኤምካስ የተባለው አውቶማቲክ መቆጣጠሪያ የግራውን ብቻ አምኖ አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ታች ደፋው። ከዚያ አስቀድሞ ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. በኢንዶኔዥያ 189 ሰዎች ባለቁበት አደጋ ደግሞ መለኪያው በጥገና ጊዜ በ21 ዲግሪ ያህል ተዛብቶ እንደ ነበር ምርመራው ገልጧል።

ይህን ሁሉ ሳስረዳት ጥቂት ዝም አለችና «እኔ ቅዳሜ ገበያ ቅቤ ስገዛ ባዶውን ሚዛን ሳላይ አስመዝኜ አውቃለሁን? ከዚያም በእጄ ከፍ አድርጌ እሞክረዋለሁ» አለችኝ። ፊደል ያልቈጠረች እናቴ እኔ በብዙ ቃል የደከምሁበትን በሁለት ነገር ጨረሰችው፤ አስቀድሞ ዜሮውን ማየት፣ ኋላም በአንድ ምስክር ብቻ አለመፍረድ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች ሆይ፤ እኔ ራሴ በፊዚክስ ቤተ ሙከራ ዜሮውን ሳላይ ስንት ጊዜ ቍጥር ጽፌአለሁ! ያን ጊዜ የጠፋው ነጥብ ብቻ ነበር። እናቴ እስከ ዛሬ አልፈቀደችልኝም። ነገር ግን ትናንት ወደ ትምህርት ቤት ስወጣ ከበሩ ጠርታ «ባዶውን ማየት እንዳትረሳ» ብላኛለች፤ እኔም እንደ ምርቃት ተቀብዬዋለሁ።