የነጋድራስ ተሰማ ድምፅና የልጃቸው ብዕር

በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ዘፈን የሚያጫውተውን ጥቁር ክብ ነገር የሚያውቀው «ሸክላ» በሚል ስሙ ነው። ስሙም ይስማማዋል። የጥንቱ ሸክላ ከእጅ ካመለጠ እንደ እንስራ ተሰባብሮ ይቀር ነበር። የሚሠራው ከአንዲት ትንሽ ነፍሳት ከሚገኝ ሙጫና ከተፈጨ ድንጋይ ነው፤ የማይሰበረው የፕላስቲኩ ሸክላ ኋላ የመጣ ነው። በዚያ በሚሰበረው ላይ ዘፈናቸውን በመቅረጽ ቀዳሚው ኢትዮጵያዊ ተብለው የሚታወቁት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው።

ነጋድራስ ተሰማ ወደ ጀርመን የሄዱት ለመዝፈን አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1908 አፄ ምኒልክ የላኳቸው መኪና መንዳትና መጠገን እንዲማሩ ነው። መኪና አዲስ አበባ ከገባ ገና ብዙ አልቆየም ነበርና የአገር ልጅ እንዲያውቀው ተፈልጎ ነው። ሰውየው ግን ግጥም አዋቂና ማሲንቆ ደርዳሪ ስለነበሩ ሙያቸው አብሯቸው ተጓዘ። በዚያው በጀርመን ቆይታቸው ማሲንቋቸውን እየመቱ 17 ሸክላ አስቀረጹ።

ድምፅ የሚይዝ መሣሪያ ለቤተ መንግሥቱ ፈጽሞ እንግዳ አልነበረም። ከዚያ ዐሥር ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1898፣ የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ለአፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ የድምፅ መልእክት ልከው ነበር። ይሁንና የነገሥታት የሰላምታ ቃል ሌላ ነው፤ ሰው ገዝቶ ቤቱ የሚያጫውተው ዘፈን ሌላ።

ያን ጊዜ ማይክሮፎን የለም። ዘፋኙ አፉ ሰፊ በሆነ ቀንድ ፊት ቆሞ በሙሉ ድምፁ ይዘፍናል። ድምፁ በቀንዱ ጠባብ ጫፍ ያለችውን ስስ ገበታ ያንቀጠቅጣል፤ ከእሷ ጋር የተያያዘችው መርፌ ደግሞ የሚሽከረከር ሰም ላይ መስመር ትጭራለች። ከሰሙ ላይ የብረት ቅርጽ ይወጣል፤ በብረቱም ሸክላው እየታተመ ይባዛል። ሲቀረጽ የተሳሳተ ሰው ቆርጦ መቀጠል አይችልም፤ አዲስ ሰም ተደርጎ ከመጀመሪያው ይዘፍናል። አንዱ የሸክላ ገጽ የሚይዘውም ሦስት ደቂቃ ወይም ጥቂት ቢበልጥ ነው።

እንግዲህ አስቡት። የእኛ አገር ማሲንቆ ተጫዋች የለመደው ሌላ ነው። ጠጅ ቤት ወይም ሠርግ ቤት ይቀመጣል፤ አንዱ እንግዳ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጠዋል፤ እሱም ተቀብሎ ያዜማል፤ ሌላው ይስቃል፣ ሌላው ይሸልማል። ጨዋታው የሚያልቀው እንግዳው ሲደክም ነው። በጀርመን ግን ከፊታቸው ያለው ቀንድ ነው። ቀንድ ግጥም አይሰጥም፣ ቅኔው ሲገባው ራሱን አይነቀንቅም። ረጅሙን ጨዋታ በሦስት ደቂቃ ልክ መቁረጥ፣ አድማጩንም በልብ ማሰብ ግድ ነበር። ግጥም አዋቂነት ብቻውን ለዚህ አይበቃም።

ከተመለሱ በኋላ ነጋድራስ ተሰማ ከልጅ ኢያሱ አጠገብ የነበሩ ሰው ሆኑ። ልጅ ኢያሱ እ.ኤ.አ. በ1916 ከሥልጣን ሲወርዱ ውድቀቱ ለእሳቸውም ተረፈ። ከዚያ በኋላ ረጅም ዕድሜ ኖረው እ.ኤ.አ. በ1964 ዐረፉ። ሸክላዎቹም በየቤቱ፣ በየአገሩ ተበታትነው ቆዩ። ከመቶ ዓመት በኋላ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» በሚለው ተከታታይ ሥራው 27ኛ ቁጥር ላይ ሰብስቦ አወጣቸው። እኔም የሰማኋቸው በዚህ ነው። ሲጢጥ፣ ሲንኳኳ፣ በዚያ መካከል ማሲንቆውና የሰው ድምፅ ይመጣል።

ስሰማ ግን አንድ ነገር ገባኝ። ድምፁ ደርሶኛል፤ የግጥሙ ነገር ግን ግማሹ አምልጦኛል። ይህ ስም የማን ነው? ይህ ቃል ማንን ይነካል? መኪናው ሰሙን እንጂ ወርቁን አልያዘም። ወርቁን ለመያዝ ሌላ ሰው አስፈለገ፤ እሱም የገዛ ልጃቸው ነው። ይድነቃቸው ተሰማን የምናውቃቸው በእግር ኳስ ነው፤ ለቅዱስ ጊዮርጊስ የተጫወቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1962 የአፍሪካ ዋንጫን ያነሣውን ቡድናችንን ያሠለጠኑ፣ ከ1972 እስከ ዕለተ ሞታቸው 1987 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን የመሩ ሰው ናቸው። ያ ሁሉ ሥራ እያለባቸው የአባታቸውን ሕይወትና ግጥም ሰብስበው ጻፉ። መጽሐፉ «ሰምና ወርቅ» ይባላል።

ነርስ ሆኜ ስሠራ የመጀመሪያ ትምህርቴ «ያልተጻፈ እንዳልተደረገ ይቆጠራል» የሚል ነበር። መድኃኒቱን ከሰጠሽ በኋላ ስሙን፣ መጠኑን፣ ሰዓቱን ካርዱ ላይ ካላሰፈርሽ፣ ተረኛዋ ነርስ ምን ታውቃለች? ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ይህ ልማድ አልለቀቀኝም። እናቴን ሳስታምም የረዳኝም እሱ ነው።

እማዬ በመጨረሻዎቹ ዓመታት መርሳት ይዟት ነበር። የእኔን ስም በእህቴ ስም ትጠራለች፤ ቁርስ መብላቷን ትረሳለች። ዘፈን ግን አትረሳም ነበር። ይህን በሥራ ላይም ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ልጁን የማያውቅ አረጋዊ በወጣትነቱ የሚያውቀውን ዜማ ከነቃሉ ይወጣዋል። የዜማ ትዝታ ከሌላው ዘግይቶ የሚደክም ነው። አንድ ቀን እማዬ ሕፃን ማባበያ እያዜመች ሳለ የልጅ ልጇ በስልኩ ቀረጻት። በዜማው ውስጥ አንድ ስም ትጠራለች። ከእኛ መካከል ያን ስም የሚያውቅ አልነበረም። እሷን ብንጠይቃት ፈገግ ትልና መልሳ ታዜማለች።

ወደ ታላቅ እህቷ ዘንድ ሄድኩ። እትዬ ዘጠና ሊሞላቸው ምንም አልቀራቸውም፤ ቀረጻውን ጆሯቸው ላይ አስጠግቼ አሰማኋቸው። ዝም ብለው ቆዩና «ይህማ ወንድማችን ነው፤ በኩፍኝ የሞተው። እናታችን በእሱ ስም ነበር እኛን የምታባብለን» አሉኝ። እማዬ ሰማንያ ዓመት ሙሉ ያልተናገረችውን ወንድሟን ስታባብል ኖራለች ማለት ነው። ስሙን፣ የሞተበትን በሽታ፣ ቀኑን፣ የነገሩኝንም ሰው ደብተር ላይ ጻፍኩ። እትዬ በዚያው ዓመት ዐረፉ፤ እማዬም ተከተለቻቸው። እኔ ስንት ሕፃን በኩፍኝ ክትባት መርፌ እንደወጋሁ እግዚአብሔር ያውቃል፤ ለምን እንደሆነ ግን ከገዛ ቤቴ የተረዳሁት ያን ቀን ነው።

ዛሬ ድምፅ ለመቅረጽ ጀርመን መሄድ አያስፈልግም፤ ሰም አይቀልጥም፣ ሦስት ደቂቃም አይገድበንም። በየኪሳችን ያለው ስልክ ሠርጉንም፣ ለቅሶውንም፣ የአያትን ሳቅም ይይዛል። የጎደለን የይድነቃቸው ብዕር ነው። ስለዚህ እናቶች፣ አባቶች፣ አያቶች፤ ሽማግሌ ስትቀርጹ መጀመሪያ ቀኑንና የሚናገረውን ሰው ስም በድምፅ ተናገሩ። የተጠራውን ሰውና ቦታ ሁሉ ወዲያው ጠይቁ፤ «ይህ ማነው? ለምን እንዲህ ተባለ?» በሉ። መልሱን ደብተር ላይ አስፍሩ። ጥያቄውንም ለልጆች ስጧቸው፤ አያት ለልጅ ልጅ የምትነግረውን ለእኛ አትነግረንም። ሽማግሌው ከደከመው ተዉት፤ ሌላ ቀን ትቀጥላላችሁ። ድምፁንም አንድ ስልክ ላይ ብቻ አታስቀምጡ፤ ስልክም እንደ ሸክላ ይሰበራል።

አባቶች «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። ነጋድራስ ተሰማን ዛሬ በድምፃቸው የምንሰማቸው፣ በግጥማቸውም የምናውቃቸው፣ ከሸክላው ሌላ ብዕር ያነሣ ልጅ ስለነበራቸው ነው።