ሐውልትን ፎቶግራፍ ማንሣትና የሠሪው ስም

ዛሬ ፎቶግራፍ ማንሣት የሁሉም ሰው ሥራ ሆኗል። የእጅ ስልክ የያዘ ተማሪ ሁሉ ፎቶግራፍ አንሺ ነው። ከሮቤና ከጎባ ተነሥተን ለዕረፍት ወደ አዲስ አበባ ሄደን ስንመለስ፣ ከሁሉ አስቀድመን ለጓደኞቻችን የምናሳየው በየአደባባዩ ሐውልት ሥር ቆመን የተነሣነውን ነው። እኔም ባለፈው ክረምት እንዲሁ አደረግሁ። ነገር ግን ፎቶግራፎቹን ደጋግሜ ስመለከት አንድ አሳብ በልቤ አደረ፤ ይኸውም «ይህ ሥራ የማን ነው? ያነሣሁት የእኔ ነውን? ወይስ ሐውልቱን የሠራው ሰው?» የሚል ነው። ውድ አንባብያን፣ ስለዚህ ነገር የሚመስለኝን በአጭሩ ልግለጽላችሁ።

ለባሌ ልጅ አንበሳ እንግዳ አይደለም፤ ከሳነቴ ሜዳ ቁልቁል በሚወረድበት በሃረና ጫካ ዛሬም ይኖራል። ስለዚህ አዲስ አበባ እንደ ደረስሁ ለማየት የፈለግሁት አንበሶቹን ነበር። በለገሃር ባቡር ጣቢያ ፊት ያለው የይሁዳ አንበሳ በ1923 ዓ.ም. ለዘውድ በዓል የቆመ ሲሆን፣ ሠሪው ዦርዥ ጋርዴ የተባለ ፈረንሳዊ ነው። በወረራው ዘመን ኢጣልያኖች ወደ ሮማ ወስደውት ነበር፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ግን ተመልሶ በአገሩ ቆመ። በብሔራዊ ቴአትር ፊት ያለው ታላቅ የድንጋይ አንበሳ ደግሞ በ1948 ዓ.ም. የቆመ የሞሪስ ካልካ ሥራ ነው። የለገሃሩ ዘውድ ደፍቶ በዱር እንዳለ አንበሳ ሆኖ ይታያል፤ የቴአትሩ ግን ቀጥ ብሎ እንደ ግንብ የቆመ ነው። እንስሳው አንድ ሲሆን፣ ሁለት ሰዎች ሁለት ዓይነት አድርገው አዩት። አንበሳን ማንም ያውቀዋል፤ እንዲህ አድርጎ ማየት ግን የሠሪው ሀብት ነው።

ይህን ስል ፎቶግራፍ አንሺው ሥራ የለውም ማለቴ አይደለም። ፀሐይ ከሐውልቱ በስተኋላ ስትሆን ፊቱ ጠቁሮ ቅርጹ ብቻ ይቀራል፤ በጠዋት ወይም ወደ ማታ ከጎን ስታበራ ግን የልብሱ እጥፋት ሁሉ ይታያል። ዝቅ ብሎ ሲያነሡት ይገዝፋል፤ ሰው አጠገቡ ሲቆም ትልቅነቱ ይታወቃል። ይህን ሁሉ የሚመርጠው ፎቶግራፍ አንሺው ነው። ስለዚህ የሐውልት ፎቶግራፍ የሁለት ሰዎች ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ። ችግሩ የሚመጣው ከሁለቱ የአንደኛው ስም ሲረሳ ነው።

ይህም ችግር በአዲስ አበባ ብቻ ያለ አይደለም። በሰፈራችን የማስታወቂያ ጽሕፈት የሚጽፉና ሥዕል የሚሥሉ አንድ ጎረቤት አሉን። በአንድ ሻይ ቤት ግድግዳ ላይ የሳነቴን ቀይ ቀበሮና የደጋ አጋዘን ሣሉ። አንድ መንገደኛ ሥዕሉን አንሥቶ ሄደ፤ በኋላም ያ ሥዕል በቀን መቁጠሪያ ላይ ታትሞ ወደ ከተማችን መጣ። ከሥሩ የተጻፈው የፎቶግራፍ አንሺው ስም ብቻ ነበር። «ጋሼ፣ አላዘኑም?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ሥራዬ በመታየቱስ ደስ ብሎኛል፤ ነገር ግን ቀበሮው ራሱን አልሣለም» አሉኝ። ይህ ቃል ከብዙ ትምህርት ይልቅ ነገሩን አስረዳኝ።

የአገራችን ሕግም ይህን አሳብ ይደግፋል። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥዕልና የቅርጽ ሠሪን መብት በሕይወቱ ዘመንና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል፤ የፎቶግራፍን መብት ደግሞ ለ25 ዓመት። በዚህ ቁጥር መሠረት በ2004 ዓ.ም. ያረፉት የታላቁ ሠዓሊ የአፈወርቅ ተክሌ ሥራዎች እስከ 2054 ዓ.ም. ገደማ ይጠበቃሉ ማለት ነው። ሕጉ ለግል ጥቅም አንድ ቅጂ ማድረግን አይከለክልም፤ ለማስተማርም በተገቢው መጠን፣ የሠሪውን ስም እየጠቀሱ፣ መጠቀምን ይፈቅዳል። ሌሎች አገሮች እንደየአሳባቸው ልዩ ልዩ ሕግ አላቸው። በእንግሊዝና በጀርመን በአደባባይ ለዘለቄታ የቆመን ሐውልት ማንም አንሥቶ ሊሸጠው ይችላል፤ በፈረንሳይ ግን እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ሕግ የፈቀደው ለንግድ ላላዋሉት ግለሰቦች ብቻ ነው።

አንዳንድ ጓደኞቼ «እንግዲያስ ሐውልት ባናነሣ ይሻላል» ይሉኛል። እኔ በዚህ አልስማማም። ከሮቤ አዲስ አበባ ከ400 ኪሎሜትር በላይ ነው፤ ከክፍላችን ልጆች ብዙዎቹ እስካሁን አላዩትም። በአፍሪካ አዳራሽ ያለውን 150 ካሬ ሜትር የአፈወርቅን የመስተዋት ሥዕል የምናውቀው በፎቶግራፍ ነው። ከዚህም በላይ ሐውልት ለዘላለም አይቆምም። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ለባቡር ሐዲድ ሥራ በ2005 ዓ.ም. ተነሥቶ በ2008 ዓ.ም. ተመለሰ። የሌኒን ሐውልት ግን በግንቦት 1983 ዓ.ም. ወረደ፤ አልተመለሰም። አፈወርቅ የሠሩት በሐረር የነበረው የራስ መኰንን ሐውልትም በ2012 ዓ.ም. ፈረሰ። ሐውልት ስለቆመለት ሰው ሕዝብ የተለያየ አስተያየት ሊኖረው ይችላል፤ የሠሪው እጅ ሥራ ግን ከፈረሰ በኋላ የሚገኘው በፎቶግራፍ ብቻ ነው። በዚያን ጊዜ ከፎቶግራፉ ሥር የሠሪው ስም ከሌለ ሰውዬው ሁለተኛ ጊዜ ሞተ ማለት ነው።

ስለዚህ ለትምህርት ቤታችን ተማሪዎች አንድ አሳብ አቀርባለሁ። በማስታወቂያ ሰሌዳችንም ሆነ በዚህ መጽሔት የሐውልት ወይም የግድግዳ ሥዕል ፎቶግራፍ ስናወጣ ከሥሩ ሦስት ነገር እንጻፍ፤ የሥራውን ስም፣ የሠሪውን ስም፣ ያነሣውን ሰው ስም። ሠሪው ካልታወቀ «ሠሪው ያልታወቀ» ብለን እንጻፍና መምህራንንና ሽማግሌዎችን እንጠይቅ። ለገበያ የሚውል ከሆነም አስቀድመን ባለቤቱን እናስፈቅድ። በሻይ ቤቱ ግድግዳ ላይ ያለው ቀበሮ ሠሪ ሁለት ቤት አልፎ ይገኛል፤ ስማቸውን ለመጠየቅ የሚያስፈልገው አንድ ሰላምታ ብቻ ነው።