ከሁለት ያጣው ተዋጊ

የምንኖረው ቨርጂኒያ ነው። እኔ ማታ ማታ ታክሲ እነዳለሁ፤ የ14 ዓመቱ ልጄ ጠዋት ትምህርት ቤት ሲሄድ እኔ እንቅልፍ ላይ ነኝ። በደንብ የምንተያየው ቅዳሜ ብቻ ነው። ቅዳሜ ደግሞ ጓደኞቹ ዳይሳቸውን ይዘው ይመጡና የምግብ ጠረጴዛችንን ይወርሱታል።

ጨዋታው ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ይባላል። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ አሜሪካውያን የፈጠሩት ሲሆን የታተመው በ1974 ነው። አንዱ ታሪኩን ይመራል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው «እንዲህ አደረግሁ» ይላሉ። መሳካት አለመሳካቱን 20 ጎን ያለው ዳይስ ይወስናል። እኔ ለወራት ሻይ ከማቅረብ በቀር አልገባሁበትም ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጓደኞቹ እንደሄዱ ልጄ ወረቀቱን አጣጥፎ «ከዚህ በኋላ አልጫወትም» አለኝ። ደነገጥኩ። ቅዳሜ ከቀረ በሩን ዘግቶ ስልኩ ላይ እንደሚያፈጥ አውቃለሁ።

«ምነው?» አልኩት።

«አባዬ፣ የኔ ሰውዬ ምንም አይረባም።»

መጽሐፉን ገለጥን። እሱ በእንግሊዝኛ ያነባል፤ እኔ በአማርኛ እጠይቃለሁ። ሰውየው «ኤልድሪች ናይት» ነው፤ ሰይፍም ድግምትም የሚያውቅ ተዋጊ። በ2014ቱ ሕግ 5ኛ ደረጃ ላይ ሲደርስ በአንድ ተራ ሁለቴ በሰይፍ ይመታል። ድግምት ከደገመ ግን ተራው በዚያው ያልቃል፤ ሰይፉ ሥራ ይፈታል። ድግምቱም ቢሆን ከሙሉ አስማተኛ ጋር ሲተያይ የጀማሪ ነው። በዚያ ላይ ፊት ለፊት ስለሚቆም በተመታ ቁጥር የያዘው ድግምት ሊከሽፍበት ይችላል። አንድ እጁ ሰይፍ፣ አንድ እጁ ጋሻ ይዞ በየትኛው እጁ ነው የሚደግመው? ከሁለት ያጣ ማለት ይሄ ነው።

«ታዲያ ለምን ወይ ተዋጊ ወይ አስማተኛ አትሆንም?» አልኩት።

«አንዱን ብቻ መሆን አልፈልግም» አለ አቀርቅሮ።

መልስ አጣሁ። ትምህርት ቤት ስሙን አጣምመው ይጠሩታል፤ አያቱ በስልክ «አማርኛህ ተሰባበረ» ትለዋለች።

«እንግዲያው እናስተካክለው» አልኩት።

መጀመሪያ ያወጣነው ሕግ ለጋስ ነበር፦ ሰይፉ ሲያርፍ የፈለገውን ድግምት አብሮ ያሳርፍ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጄ ጠላቱን ሁሉ ብቻውን ጨረሰ። ሻይ ሳቀርብ ግን አስማተኛ የምትጫወተው ልጅ ዳይሷን ሳትነካ ተቀምጣ አየኋት። እሷ የምትችለውን ሁሉ የኔ ልጅ ሰይፍ ጨምሮበት ያደርገው ነበር። ማታ «የአንተን ስንሞላ የሷን ቀማን» አልኩት። አኮረፈ፤ ግን ገባው።

ሁለተኛው ሕጋችን ዋጋ ያስከፍላል። ከሁለቱ ምቶች አንዱን ትቶ በምትኩ ትንሽ ድግምት መደገም ይችላል። ትልቁ ድግምት እንደ ድሮው ተራውን በሙሉ ይበላል። ሰይፍ የያዘው እጁም ለድግምት ይበቃዋል። በዚህ ተዋጊው በየተራው ሁለቱንም ሆነ፤ አስማተኛዋም ትልቁን ነገር ለብቻዋ ያዘች። ጓደኞቹን ጠይቆ አስፈቀደ።

ኋላ መጻሕፍት ስናገላብጥ ነገሩ ያስቸገረው እኛን ብቻ እንዳልሆነ አየን። በ1974ቱ ጨዋታ ኤልፍ ተዋጊም አስማተኛም መሆን ይችላል፤ ግን በአንድ ጨዋታ ውስጥ አንዱን ብቻ። በ2024 የወጣው አዲሱ መጽሐፍ ደግሞ ለኤልድሪች ናይት፣ ከ7ኛ ደረጃ ጀምሮ፣ ከምቶቹ አንዱን በትንሽ ድግምት እንዲለውጥ ፈቅዷል። ልጄ «ቀደምናቸው!» ብሎ ጠረጴዛውን ደበደበ። ከእኛ በፊት ስንቱ እንዳሰበው እንጃ፤ ደስታውን አልነካሁበትም።

ባለፈው እሑድ አያቱ ስትደውል ስልኩን ራሱ ተቀበለኝ። ስለ ተዋጊው ሊነግራት ጀመረና መሐል ላይ ወደ እኔ ዞሮ «አባዬ፣ ስፔል በአማርኛ ምንድን ነው?» አለ።

«ድግምት።»

«እማማ፣ እኔ ድግምት አለኝ!» አላት በኩራት።

«በስመ አብ!» ስትል ከወጥ ቤት ድረስ ተሰማኝ። ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ፈጀበት፤ ሁሉንም በአማርኛ።