ስንት ጠሩበት?

«ሚሊዮን ጠሩበት፤ ሦስት መቶ ሺህ ላይ ተስማሙ» አለኝ የአክስቴ ልጅ፣ ከበላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ከተማ ስንገባ። የበሬ ወይም የቦታ ጨዋታ መስሎኝ «ርካሽ ነው» አልኩ። ዞር ብሎ አየኝ። የተሸጠው ለካ ሰው ነው፤ መጨረሻው ዴስክ ላይ ይቀመጥ የነበረው የክፍላችን ልጅ ታናሽ ወንድም፣ ባለሱቁ። ሻጩ ደግሞ የእኔ የዴስክ ጓደኛ።

ከዚያ ወዲህ ባሕር ዳርን ያለ ዋጋ ማየት አቃተኝ። ግንቦት 2016 የተመረቀውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ ሲያሳዩኝ ደረቴ ተነፍቶ ነበር፤ 380 ሜትር፣ የብስክሌት መንገድ ሳይቀር። ፎቶ ላነሣ ስል የአክስቴ ልጅ ስልኬን ቀማኝ። «ከውጭ መምጣትህን አገር ይወቅልህ?» ዘንባባዎቹ እንዳሉ ናቸው። ሐይቁ ዳር የቆሮሶ ጥብስ ላዝዝ ብዬ «ስንት ነው?» ማለት አስጠላኝ። ሲመሽ ባጃጅ የለም። እኛ ጥናት ብለን ወጥተን ጣና ዳር ስንዞር እናመሽ ነበር።

የዴስክ ጓደኛዬ ያኔ ዋናተኛችን ነበር። ከታንኳ ዘሎ ይጠልቃል፤ ሞተ ብለን ስንጮህ ከጀርባችን ብቅ ይላል። ዳቦ ሲገምስ ትልቁን ግማሽ ለሌላው የሚሰጥ ልጅ ነበር። የሽፍታ ወሬ ደግሞ ነፍሱ ነው፤ የማን አልነበረም? ካሣ ኃይሉ ቋራ ሸፍቶ፣ በ1847 ቴዎድሮስ ተብሎ መንገሡን እየሰማ ያደገ የጣና ዳር ልጅ ሽፍትነትን ከነውር አይቆጥረውም። እኔም ባዕድ አገር ስንቱን ሰው በዚህ ወሬ አደንቁሬአለሁ። የክፍል ጓደኛውን ወንድም ያገተ ሽፍታ ግን በተረትም አልሰማሁ። ሐምሌ 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀበት ጦርነት ወዲህ፣ ጠመንጃ የያዘ ሁሉ ዓላማ አለኝ ማለት አያቅተውም። የእኔው ጓደኛ እሱንም አላለም። ብር ፈልጎ ነው።

ዋጋው እንዴት ይተመናል? «መጀመሪያ የሚጠይቁት ‹ውጭ ማን አላችሁ?› ነው» አለኝ የአክስቴ ልጅ። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ ይመንዘር ከተባለ በኋላማ፣ ውጭ ዘመድ ያለው ሰው ተወደደ። ማን አሜሪካ፣ ማን ዐረብ አገር እንደገባ ደግሞ ከዴስክ ጓደኛዬ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ስም መጥሪያውን ከላይ እስከ ታች በቃሉ ይወጣዋል። በየበዓሉ የምንልካት መቶ ዶላር ለካ በየእናቶቻችን በር ላይ ዋጋ ትጽፋለች።

የታጋቹ ቤተሰብ ቦታ ሸጠ፣ ተበደረ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ጥላ ዘቅዝቆ ለመነ። ልጁ ተመለሰ። ሁሉም አይመለስም፤ ነሐሴ 2016 ጎንደር ላይ የ2 ዓመት ሕፃን ታግታ ተገድላ፣ ከተማው በቁጣ አደባባይ ወጥቷል።

የጓደኛዬን እናት ሳልጠይቅ መሄድ አልሆነልኝም። አገላብጠው ሳሙኝ፤ የዘጌ ቡና አፈሉልኝ። ሲቀዱ እጃቸው ተንቀጠቀጠና ረከቦቱ ላይ ፈሰሰ፤ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት። ስለ ልጆቼ ጠየቁኝ፣ ስለ ብርዱ ጠየቁኝ። ስለ እሱ አላነሡም፤ እኔም አላነሣሁ። ቶናው ላይ ስንደርስ ግን፣

«አንተን እኮ አይነካህም ነበር፣ ልጄ» አሉ።

«አውቃለሁ፣ እትዬ» አልኩ። አላውቅም።

ስንነሣ በፌስታል የተቋጠረ ዳቦ ቆሎ ሰጡኝ፤ ማረሚያ ቤት ላለው ልጃቸው እንዳደርስላቸው። በሰው ላክሁት። እኔ አልሄድኩም፤ አልሄድምም። የሄድኩት ባለሱቁ ጋ ነው። ሱቁን መልሶ ከፍቷል፤ መደርደሪያው ግማሹ ባዶ ነው፤ ብድሩ ገና አልተከፈለም። ውጭ ያለን የክፍሉ ልጆች እያዋጣን ነው። ማን ስንት እንዳዋጣ ግን የትም አንጽፍም።