ከ«ስንተኛ ወጣች?» በፊት

ዘንድሮ በእኛ ቤት ሁለተኛ ክፍል የገባነው አራት ሰዎች ነን። አንደኛዋ የሰባት ዓመቷ የእህቴ ልጅ ናት፤ ሚጣ እንላታለን። ሁለተኛው አባዬ ነው፤ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ከትምህርት ቤት የሚያመጣት እሱ ነው። ሦስተኛዋ እኔ ነኝ፤ ማታ ከሥራ ስመለስ ኮሙኒኬሽን ቡክ ላይ የምፈርመው አክስት። አራተኛዋ ዱባይ ያለችው እህቴ፣ የሚጣ እናት ናት። ክፍያውን የምትከፍለው እሷ ስለሆነች ዋናዋ ተማሪ እሷ ናት ማለት ይቻላል።

እህቴ የሄደችው ሚጣ ሦስት ዓመት ሳይሞላት ነው። የምትሠራበት ቤት ውስጥም አንዲት ልጅ አለች፤ እሷም ዘንድሮ ሁለተኛ ክፍል ናት። እህቴ የዚያችን ልጅ ቦርሳ ታዘጋጃለች፣ ምሳ ዕቃዋን ታጥባለች፣ ማታ የቤት ሥራ ስትሠራ አጠገቧ ትቀመጣለች። ስለ ሁለተኛ ክፍል ብዙ ታውቃለች። የማታውቀው የራሷን ልጅ ሁለተኛ ክፍል ነው። መስከረም ላይ ስትደውል «ደብተር ተገዛላት ወይ?» ብላ አላበቃችም። «ዘንድሮ ከሷ ምን ልጠብቅ?» አለችኝ። ጥያቄው በሁለት ደቂቃ ስልክ የሚያልቅ አልነበረም፤ መልሱ ዓመቱን ሙሉ ፈጀ።

ሁለተኛ ክፍል ወግ የሌለው ክፍል ነው። ኬጂ ሲጨረስ ጋዋን ተለብሶ ፎቶ ይነሣል። አንደኛ ክፍል አዲስ ቦርሳ አለው፣ የመጀመሪያው ቀን ለቅሶ አለው። ስድስተኛና ስምንተኛ ላይ ፈተና ይመጣል፤ ቤቱ በሙሉ ይጨነቃል። ሁለተኛ ክፍል ግን ፎቶም ጭንቀትም የለውም። ልጁ ትምህርት ቤት ለምዷል፣ ማልቀስ ትቷል፣ ፊደል ቆጥሯል። ወላጅ ትንሽ ትንፋሽ የሚሰበስብበት ዓመት ነው። ከውጭ ሲያዩት ምንም የማይሆንበት ይመስላል። ግን ፊደል የሚያውቅ ልጅ አንባቢ የሚሆነው፣ ወይም ሳይሆን የሚቀረው፣ እዚህ ዓመት ላይ ነው።

ፊደላችንን አስቡት። 33ቱ ፊደላት በሰባት በሰባት ሲዘረዘሩ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹን ሳንቆጥር። ከባድ ይመስላል እንጂ ፊደላችን ቸር ነው፤ አንዴ ከለያችሁት ድምፁን አይደብቃችሁም። ሰባት ዓመት የሞላት ልጅ ትርጉሙን በማታውቀው ቃል ላይ እንኳ ድምፁን ማውጣት ትችላለች። ግን ድምፅ ማውጣት ሌላ፣ ማንበብ ሌላ።

አባዬ በልጅነቱ ጎጃም የኔታ ዘንድ ነው የተማረው። እዚያ መጀመሪያ ፊደል ይቆጠራል። ከዚያ ንባቡ በግዕዝ ይጀመራል፤ እያንዳንዱን ፊደል ነጠላ ነጠላውን እየጠሩ፣ በዜማ። ቀጥሎ ውርድ ንባብ ይመጣል። መጨረሻ ላይ ቁም ንባብ፤ የሚነሣው ከሚወድቀው፣ የሚጠብቀው ከሚላላው ተለይቶ፣ ቃሉ ሙሉ ቃል ሆኖ የሚነበብበት። አንዱን ሳይጨርሱ ወደ ሌላው መዝለል የለም። አባዬ እንደሚለው እነሱ ዘንድ «ስንተኛ ወጣህ?» የሚባል ጥያቄ አልነበረም፤ ሰው ሲያገኛቸው የሚጠይቃቸው «የት ደረስክ?» ብሎ ነበር።

እኛ ዘንድ ግን የሚጠየቀው «ስንተኛ ወጣች?» ነው። በመጀመሪያው ሴሚስተር ሚጣ ከ52 ልጆች ሦስተኛ ወጣች። ካርዱን ፎቶ አንስቼ ላክሁ። እህቴ ለአሠሪዋ ሳይቀር አሳየቻት። ጎረቤት ሰማ፣ እማዬ ዳቦ ደፋች።

ነገሩን ያየው አባዬ ነው። አንድ ቀን ሚጣ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ የአማርኛ መጽሐፏን ታነባለች፤ ፈጣን፣ ጥርት ያለ፣ ነጥቡ ላይ እንኳ ሳታርፍ። አባዬ ጥቂት አዳመጣትና መጽሐፉን ወሰደ። እነዚያኑ ቃላት ቅደም ተከተላቸውን አዛብቶ ወረቀት ላይ ጻፈላት። ሚጣ ወረቀቱን አየችው፣ እሱን አየችው፣ ከዚያ «ይሄ አልተማርንም» አለች። ምዕራፉን በሙሉ በቃሏ ነበር የያዘችው። ሃምሳ ሁለት ልጅ በአንድ ድምፅ «አንብቡ!» ሲባል፣ ዜማውን የያዘች ልጅ ፊደሉን ማየት አያስፈልጋትም። ፈተናውም ከኖቱ ነው የሚወጣው፤ «ውኃ ለምን ይጠቅማል?» ሲባል ኖቱ ላይ ያሉትን አምስት መልሶች በቅደም ተከተል መጻፍ ነው። በዚህ ሚጣን የሚያህላት የለም። ትንሽ ቆይቶ አባዬ ወረቀቱን ፊደል በፊደል አስጠራት። አወቀች፤ ግን አንዷን ቃል ስትጨርስ የመጀመሪያዋ ጠፍታባታለች።

ይህ የእኛ ቤት ጉድ ብቻ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍል ልጆች የንባብ ችሎታ ተፈትኖ ነበር። ከሁለተኛ ክፍሎቹ ከሦስቱ አንዱ ገደማ ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ከዚያ በኋላ ነው በሰባት ቋንቋዎች የአፍ መፍቻ ቋንቋ መጻሕፍት እንደ አዲስ የተዘጋጁት። ሚጣ ከእነዚያ ልጆች አንዷ አይደለችም፤ ቃል ታነባለች። ግን እንደሷ ካርዱ ያማረለት ልጅ ብዙም አይታይም። የሚወድቅ ልጅ ሰው ያየዋል፤ ሦስተኛ የወጣችን ልጅ ማን ይመረምራል?

ለእህቴ እንንገራት አንንገራት የሚለው ቤታችንን ለሁለት ከፈለው። እማዬ «እዚያ ሆና ምን ታደርጋለች? ታለቅሳለች እንጂ» አለች። እውነቷን ነው፤ የዚያ ክፍያ እያንዳንዱ ብር በምን እንደሚመጣ እናውቃለን። አባዬ ግን «የከፈለ መጠየቅ አለበት» አለ። እኔም ከአባዬ ጋር ሆንኩ። ቦታው ሩቅ ስለሆነ ብቻ እናትን እንደ እንግዳ በመልካም ወሬ መሸኘት አልዋጥልሽ አለኝ።

ነገርኳት። መጀመሪያ ዝም አለች። ከዚያ «ታዲያ እኔ የምከፍለው ለምንድን ነው?» አለች። መልስ አልነበረኝም፤ እሷም መልስ አልጠበቀችም። ትንሽ ቆይታ የተናገረችው ነው እስከ ዛሬ ከጆሮዬ ያልወጣው። «እዚህ ያለችው ልጅ ማታ ማታ ስታነብ አጠገቧ እቀመጣለሁ። ዓረብኛ ማንበብ አልችልም። ግን ያልገባት ቦታ ስትደርስ አውቃለሁ፤ ድምጿ ይቆማል። ወደ ኋላ ትመለሳለች፣ እንደገና ትሞክራለች፣ እኔን ታየኛለች። የኔዋ ለምንድን ነው የማትቆመው?»

እንግዲህ «ዘንድሮ ምን ልጠብቅ?» ላለችው መልሱን ያገኘችው ራሷ ናት። መቆምን ጠብቂ። የሁለተኛ ክፍል ልጅ መንተባተብ፣ ወደ ኋላ መመለስ፣ ግንባሯን መቋጠር አለባት። እሱ የድክመት ምልክት አይደለም፤ ጭንቅላቷ ቃሉን ከትርጉሙ ጋር እያገናኘ መሆኑን የምታውቁበት ነው። የሚያስፈራው እንደ ውኃ የሚወርደው ንባብ ነው፤ ለዚያውም ልጅቷ መጽሐፉን ደጋግማ ሰምታው ከሆነ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ጀመርን። ዋትስአፕ መደወል እዚያ ስለማይሠራ ሚጣ በቮይስ ታነባለች። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ እራት ተበልቶ ሲያበቃ፣ ክፍል ውስጥ ያልደረሱበትን ገጽ እንገልጥላታለን፤ አሥር ደቂቃ፣ ከዚያ አይበልጥም። እህቴ ጋ ያኔ ሦስት ሰዓት ነው። ሥራዋን ስትጨርስ ትሰማዋለች። ከዚያ አንድ ጥያቄ፣ አንድ ብቻ፣ በቮይስ ትልካለች። «ልጁ ለምን ተመለሰ?» «አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?» ሚጣ ጠዋት ጫማ እያሰረች ትመልሳለች። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አስጠሊታ ነበሩ። ሚጣ የምትታወቅበት ፍጥነቷ ስለተወሰደባት ተናደደች፣ አለቀሰች፣ «እኔ ሦስተኛ ነኝ እኮ!» አለች።

መጋቢት ላይ ነው ነገሩ የዞረው። ገጹ ላይ «አባባ በግ ገዙ። በጉ ለገና ይበላል።» የሚል ነበር። ሚጣ «ይበላል»ን አላልታ አነበበችው፤ በጉን ሣር እንደሚግጥ አድርጋ። አማርኛ ማጥበቅና ማላላትን አይጽፍም፤ አንባቢው ነው ከዐረፍተ ነገሩ የሚያወጣው። እኛ አዋቂዎቹ ሳናስበው እናደርገዋለን፤ የሰባት ዓመት ልጅ ግን ገብቷት እንደሆነና እንዳልሆነ የምትታወቀው እዚህ ነው። አለፈችው። ከዚያ በራሷ ጊዜ ቆመች። ተመለሰች። «ለገና... ምን ይበላል?» ብላ ጠየቀች። ማንም አልመለሰላትም። ስዕሉን አየች፣ ቃሉን እንደገና አየች፣ ከዚያ እጇን አፏ ላይ ጭና «ኧረ! እሱ ራሱ ነው የሚበላው!» አለች፤ በንና ላን አጥብቃ። በጉ አሳዝኗት ለአንድ ሳምንት ሥጋ አልበላም አለች። እህቴ ያንን ቮይስ ስንት ጊዜ እንደሰማችው አላውቅም፤ አልሰረዘችውም ግን።

ሌላውን ቶሎ ቶሎ ልንገራችሁ። ጥርስ ይወልቃል፤ የፊት ሁለቱ ከሌሉ «ሰ» እያፏጨች ስለምትወጣ ንባቡ ላይ አትፍረዱ። በእንግሊዝኛ ቢንና ዲን ትገለብጣለች፤ በዚህ ዕድሜ ብዙ ልጆች ያደርጉታል። ሒሳብ ላይ መበደር ይመጣል። ከ42 ላይ 17 ሲቀነስ ሁለቱ ከአሥር ቤት ይበደራል፤ ሚጣ «መቼ ነው የሚመልስለት?» አለችኝ፣ እኔም አልመለስኩላትም። ጓደኛ ትቀይራለች፣ ተኳርፋ ትመጣለች፣ ትታረቃለች። ሰሌዳውን ዓይኗን አጨንቁራ የምታይ ከሆነ ሰነፍ ከማለታችሁ በፊት ዓይኗን አስመርምሩ።

አንድ ነገር ግን ማንም አልነገረኝም ነበር። የሁለተኛ ክፍል ልጅ መቁጠር የምትችል ልጅ ናት። ሚያዝያ ላይ እህቴ ኮንትራቷን ለሁለት ዓመት አደሰች። ድሮ «እናትሽ በቅርቡ ትመጣለች» ሲባል ሚጣ ታምን ነበር፤ ለአምስት ዓመት ልጅ «በቅርቡ» ማለት በቅርቡ ነው። ዘንድሮ ግን እርሳስና ወረቀት አመጣች። 365ን ከ365 በታች ጻፈች። አምስትና አምስት አሥር፣ ዜሮ ጽፋ አንድ ተሸከመች። ስድስትና ስድስት አሥራ ሁለት፣ አንድ ሲጨመር አሥራ ሦስት፣ ሦስት ጽፋ አንድ ተሸከመች። 730። ትክክል ነው። አባዬ ዓይኑን ወደ መስኮቱ መለሰ። ሚጣ ወረቀቱን አጥፋ መጽሐፏ ውስጥ ከተተችው፣ ማታ ላይ ግን እንደ ወትሮው ለንባቡ ተቀመጠች።

ያስተማርነው ነገር ሲገባት ከእኛ የደበቅነውንም ታገኘዋለች። ማንበብ የምትችል ልጅ የመድኃኒቱን ወረቀትም፣ ስልካችሁ ላይ የመጣውን መልእክትም ታነባለች። ወላጆች ለዚህም ይዘጋጁ፤ የልጆች ወሬና የአዋቂ ወሬ ተለያይቶ የሚኖርበት ዘመን ሁለተኛ ክፍል ላይ ማብቃት ይጀምራል። እህቴ ከዚያ በኋላ «በቅርቡ» ማለት ትታለች። «ስንት ቀረሽ?» ብላ ትጠይቃታለች፣ ሚጣም ቀንሳ ትነግራታለች።

ሰኔ 30 ካርድ ተሰጠ። ዘጠነኛ ወጣች። ኖቱን እንደ ድሮው አልሸመደደችም፤ አንዳንዱን መልስ በራሷ ቃል ጽፋ ነጥብ ተቀንሶባታል። ካርዱን ፎቶ አንስቼ ስልክ እህቴ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ደረጃውን አልነበረም፤ ሚጣ መልሷን በራሷ ቃል የጻፈችበትን የፈተና ወረቀት ላኪልኝ አለችኝ። ትምህርት ቤቱን እንቀይር አንቀይር የሚለውን ገና አልወሰንም። የክፍያው ጥያቄም እዚያው ነው፤ በአንድ በግ የሚፈታ አይደለም።

ይህንን የምታነቡት አብዛኞቻችሁ ገና ልጅ የላችሁም ይሆናል። ግን ታናሽ ወንድም፣ የአክስት ልጅ፣ ወይም እንደኔ የእህት ልጅ ያለው ብዙ ነው፤ ሁለተኛ ክፍል የሚያስፈልገው ሰው ደግሞ የግድ ወላጅ መሆን የለበትም፤ ቁጭ ብሎ የሚያዳምጥ ጆሮ ይበቃል። እና ዛሬ ማታ ክፍል ውስጥ ያልደረሱበትን ገጽ ግለጡና አስነብቡ። እናንተ አታርሙ፣ አትቸኩሉ፣ ቀድማችሁ ቃሉን አትንገሩ። የት እንደሚቆሙ ብቻ ስሙ፤ ከቆሙበትም ጀምሩ።